ባለ ሁለት ሰልባትዮው ፔጆ

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚነሣ ሾፌር ያኔ በማለዳ ሁለት ነገር ያይ ነበር፤ አንዱ ጉና ነው፣ ሌላው የነዳጁ ጌጅ። ጉና ጉም ለብሶ ካደረ ዳገቱ በከባድ ማርሽ ይወጣል፤ በከባድ ማርሽ የወጣ መኪና ደግሞ ነዳጅ አይጠግብም። ጋሳይንና ክምር ድንጋይን አልፎ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ጌጁ ምን እንደሚል ሳያየው ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ጨጨሆ አለ፣ ጋሸና አለ፣ የድልብ ቁልቁለት አለ፤ ወልድያ የሚገባው ይህን ሁሉ ሲጨርስ ነው። ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ዛሬ አንድ ወጣት ሙዚቃ ከፍቶ፣ መሀል ላይ ቡና ጠጥቶ ይጨርሰዋል። እኛ ልጆች ሳለን ግን መንገዱ በጀሪካን ይለካ ነበር፤ «ጋሸና ስንት ይርቃል?» ብትለው «ጀሪካን ከግማሽ» የሚልህ ረዳት አታጣም።

መንገዱን ሁሉም የቻይና መንገድ ይለዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግ ሄደው ማኦ ዜዱንግን ካገኙ በኋላ ቻይና ለኢትዮጵያ ከሰጠችው ብድር የተወለደ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ያለቀውም በ1970ዎቹ አጋማሽ ገደማ ስለሆነ ግን ምርቃቱ ለደርግ ደረሰ። ጠጠር ነበር፤ አስፋልት የለበሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እግረ መንገዴን ላንሣውና፣ በዚያ አቅጣጫ ከባድ ነገር በመንኮራኩር ለማስኬድ ቀድመው የደፈሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ ገደሉን እየናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ በጋይንትና በጨጨሆ አድርገው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። መድፉን የጎተተው ሰው ስለሆነ የነዳጁ ጣጣ የስንቅ ጣጣ ነበር። እሱም ቢሆን አልሞላላቸውም።

ከዋናው መንገድ ወርደው ወደ ታች ጋይንቱ አርብ ገበያ፣ ወደ ስማዳው ወገዳ፣ ወደ እስቴው መካነ ኢየሱስ የሚያስገቡት ቅርንጫፎች በጋ በጋ ብቻ የሚታመኑ ነበሩ። ሐምሌ ሲገባ ጭነቱ ወደ አህያና በቅሎ ይመለሳል። በበጋም ቢሆን ወደ በሽሎ ሸለቆ የወረደ መኪና የወረደውን ያህል መልሶ መውጣት አለበት፤ ታች ደግሞ የሚቀዳ የለም። ሾፌሮች ሂሳቡን የሚሠሩት ለመመለሻው ነበር። መሄጃውማ ቁልቁለት ነው።

እኛ የምናውቀው ማደያ በርሜል ነበር። ከአንድ ሱቅ ጓሮ፣ ከእንጨት ክምር አጠገብ፣ ፉስቶ ተጋድሞ ይቀመጣል። ባለ ሱቁ የጎማ ቱቦ ይከትና በአፉ ይስባል፣ ይተፋል፣ ቱቦውን ወደ ጀሪካኑ ያወርዳል። አፉ ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ይሸታል፤ ሲጋራ ግን አይተውም ነበር። ነዳጁ የመጣው ከአሰብ ነው፤ ሶቪየቶች ከሠሩት ማጣሪያ ወጥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ የወሎን ተራራ ወጥቶ። ነፋስ መውጫ እስኪደርስ ስንት እጅ እንደነካው ስለማይታወቅ ማንም አያምነውም። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ዳገት ላይ ሞተሩን ያንኳኳዋል። ውሃ የገባበት ጭራሽ ያጠፋዋል። ስለዚህ ነጠላ አራት እጥፍ ታጥፎ የመቅጃው አፍ ላይ ይደረግና በላዩ ላይ ይፈሳል። ያን ነጠላ ከዚያ በኋላ የሚለብሰው አልነበረም። በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ በርሜሉም ከጓሮ ወደ ጓዳ ገባ።

እንዲህ ባለ አገር ከፋብሪካው የወጣ ሰልባትዮ (የነዳጅ ቋት) ለማንም አይበቃም። የጭነት መኪኖቹ፣ በተለይ ኤን ትሬ የምንላቸው ፊያቶች፣ በጎናቸው ትርፍ ሰልባትዮ ያስሩ ነበር። ናፍጣ መኪና ነዳጅ ሲያልቅበት መሙላቱ ብቻ አያስነሣውም። ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፤ አየር ሲገፉት ይጨመቃል፣ ናፍጣ ሲገፉት ግን ይሄዳል። ፖምፓው ናፍጣ ወደ ኢንጀክተሩ መላክ ሲገባው አየሩን ሲያሽ ይውላል። ረዳቱ በብርድ በደነዘዘ እጁ ብሎን ያላላል፣ የእጅ ፖምፓውን ይመታል፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲወጣ መልሶ ያጠብቃል። ይህን በጨጨሆ ሌሊት የሠራ ረዳት ሰልባትዮ ሲሞላ አይሰስትም።

የቤንዚን መኪኖች ነገር ቀላል ነበር። የነዳጅ ፖምፓው ከተበላሸ ጀሪካን ፖርቶ መጋላ ላይ ይታሰራል፣ ቀጭን ቱቦ በኮፈኑ ስንጥቅ ገብቶ ካርቡሬተሩ ላይ ይሰካል፣ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። በዚህ ዓይነት ከእስቴ ደብረ ታቦር የገባ ላንድሮቨር አይቻለሁ። ካርቡሬተር ታጋሽ ነው፤ ከጎኑ ትንሽ ጎድጓዳ አለችው፣ እዚያ ውስጥ የተጠራቀመችው ቤንዚን ለጥቂት ጊዜ ታቆየዋለች። ኢንጀክሽን ግን ይህ ትዕግሥት የለውም። የምነግራችሁ መኪና ባለ ኢንጀክሽን ነበር።

ፔጆ 504 ነው። ባለቤቱ የእስቴ ተወላጅ እህል ነጋዴ፣ መኪናውን አዲስ አበባ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛው። 504 በ1968 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲወጣ በካርቡሬተርም በኢንጀክሽንም ይሸጥ ነበር፤ የኢንጀክሽኑ ፖምፓ ኩግልፊሸር የሚባል የጀርመን ሥራ ነው። አፍሪካ ላይ ስሙን የተከለው በድካም ነው። ታላቅ ወንድሙ 404 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አሸንፎ ነበር፤ በ1975 ደግሞ ስዊድናዊው ኦቬ አንደርሰን 504ን ነድቶ አሸነፈ። ነጋዴው ይህን አያውቅም። የሚያውቀው መቀመጫው እንደሚመችና ጉድጓድ ላይ እንደማይጮህ ነው። ኢንጀክሽን የሚባል ነገር እንዳለውም ያወቀው ገዝቶ ነፋስ መውጫ ካመጣው በኋላ ነው።

ያወቀውም በክፉ መንገድ ነው። ሰልባትዮው ከሩብ በታች ሲሆን ፔጆው ዳገት ላይ እየተንገጫገጨ ይጠፋል። ሜዳ ላይ ሲያቆሙት ይነሣል። ኩርባ ላይ፣ በተለይ ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ላይ፣ እንደገና ይጠፋል። ነጋዴው ካንዴላ ቀየረ፣ ፊልትሮ ቀየረ፣ ባትሪ ቀየረ፣ ጸበልም ረጨበት። መጨረሻ ላይ የተወሰደው ወደ በያጁ ነው።

በያጁ ቅንድብ አልነበረውም። የት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም፤ የሰልባትዮ በያጅ መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብዬ እውል ስለነበር ብረት እንዳቀብለው ይፈቅድልኛል። ፔጆው በመጣ ቀን ሞተሩን አልነካውም። ከኋላ ጠጋ ብሎ መኪናውን በእጁ ግራና ቀኝ ወዘወዘውና ጆሮውን ብረቱ ላይ አደረገ።

«ሰማኸው?» አለኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ሲናጥ። ቤንዚኑ ወዲያ ሲሄድ ቧንቧው ወዲህ ይቀራል። ይሄ መኪና ደግሞ ትንፋሽ ታህል አየር ከዋጠ ያልቅለታል።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«እናትህ ውሃ ስትቀዳ እንስራው አፍ ላይ ምን ታደርጋለች?»

«ቅጠል።»

«ለምን?»

«እንዳይናጥ... እንዳይፈስ።»

«እንግዲህ ቅጠል እንሠራለታለን» አለና የላሜራ መቀስ እንዳመጣ ላከኝ።

ቅጠሉ የተሠራው ከአሮጌ ኤን ትሬ ሰልባትዮ ከተቆረጠ ላሜራ ነበር። የፔጆው ሰልባትዮ ወርዶ፣ በላይ በኩል ተከፍቶ፣ ሆዱ ውስጥ ቀዳዳ የበዛባቸው ግድግዳዎች ቆሙ። ቀዳዳዎቹ ቤንዚኑን ያሳልፋሉ፣ ግን በዝግታ፤ መኪናው ሲያጋድል ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን አይገለበጥም። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን መምጠጫው ቧንቧ ዙሪያ ያኖረው ነገር ነው። የእርዳታ ዘይት ጣሳ፣ ያ በየቤቱ የነበረው፣ ከመሀሉ ተቆርጦ በስታኞ ተበየደ። ከሥሩ ትንንሽ ቀዳዳ አለው። ከሞተሩ የሚመለሰው ቤንዚን በቀጥታ እዚያ ጣሳ ውስጥ እንዲወርድ ቱቦው ተዘዋወረ። ኢንጀክሽን ሞተር ከሚፈልገው በላይ ነዳጅ ይላክለታል፤ የተረፈው በሌላ ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። በያጁ ይህን ተመላሽ ጣሳውን ለመሙላት ተጠቀመበት። ስለዚህ ሰልባትዮው ቢያጋድልም፣ ቢጎድልም፣ መምጠጫው ያለባት ጣሳ አትደርቅም። ብዙ ቆይቼ የአዳዲስ መኪኖችን ሰልባትዮ ሲፈቱ ሳይ፣ ፖምፓው የተቀመጠባት የፕላስቲክ ባልዲ መላዋ ያችው ናት፤ ተመላሹ ቤንዚን ይሞላታል፣ ሥሯ ክፍት ነው። የጀርመንና የጃፓን መሐንዲሶች የደረሱበትን ሰውዬው በዘይት ጣሳ ደረሰበት ብዬ ልኮራ እችላለሁ፤ ግን እነሱም እሱም የተነሡት ቤንዚኑ የት ይሄዳል ከሚለው አንድ ጥያቄ ነውና ተመሳሳይ መልስ ማግኘታቸው አይገርምም። የሚገርመው ጥያቄውን ለመጠየቅ ሞተሩን ለመተው መቻሉ ነው። ከእሱ በፊት ያዩት ሁሉ ኮፈኑን ነበር የከፈቱት።

ስለ ቅንድቡም ልናገር። ሰው የሚፈራው ሙሉ ሰልባትዮ ነው፤ የሚገድለው ባዶው ነው። ፈሳሽ ቤንዚን ያለ አየር አይነድድም፤ ባዶ ሰልባትዮ ውስጥ ግን ትነቱ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እሳት ይጠብቃል። በያጁ መጀመሪያ በፈላ ውሃና በኦሞ ደጋግሞ ያጥባል፣ ፀሐይ ላይ አፉን ከፍቶ ያውለዋል። ከዚያ የሚበየደው ቦታ ብቻ እስኪቀር ውሃ ይሞላዋል፤ ትነት የሚያድርበት ክፍት ቦታ እንዳይኖር። ውሃ ሲቸግር ደግሞ ከቆመ የቤንዚን መኪና ማርሚታ ቱቦ ስቦ ጭሱን ወደ ውስጥ ይለቅበታል፤ ጭሱ አየሩን ያባርራል። በካርባይድ ጋዝ ከመበየድ ይልቅ ከሰል ላይ በጋለ መዳብ ስታኞ ማቅለጥ ይመርጥ ነበር፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ነበልባል የለውም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቅንድቡ ከሄደ በኋላ የመጣ ይመስለኛል። ያ ዘመን ሲወራ ብልሃቱ ብቻ ይወራል። ጢስና ቃጠሎ የጨረሳቸውን እጆች ያየ ግን ይመለስ ብሎ አይመኝም፤ እኔም አልመኝም።

ፔጆው ዳገት ላይ መጥፋቱን ሲተው ነጋዴው ሌላ ሐሳብ አመጣ። ወገዳ ደርሶ ያለ በርሜል መመለስ ፈለገ። «እንግዲህ ይህን ካወቁ አንቱ፣ አንድ ደግሞ ከኋላ ይጨምሩልኝ» አለው በያጁን። ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ሁለተኛ ሰልባትዮ ተሠራ። ሥራው ያማረ ነበር። የራሱ መምጠጫ ነበረው፤ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሥር ባለች መዘውር ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀይራል።

መጀመሪያ በሄዱበት ቀን ከነፋስ መውጫ ሳይርቁ መኪናው ቤንዚን በቤንዚን ሸተተ። ወርደው ቢያዩ ከኋላው ጎማ በላይ ይንጠባጠባል፤ ትንሽ ቆይቶ ይፈስሳል። የተሰነጠቀ ነገር ግን የለም። ሳሙና ይዘው ቢዞሩትም የሚደፍኑት ቀዳዳ አጡ። ገብቷቸው ቢሆን ሁለቱም ሰልባትዮዎች ጤነኞች ነበሩ። ችግሩ ተመላሹ ነው። መዘውሩ ሞተሩን ከሁለተኛው ሰልባትዮ እንዲጠጣ አድርጎታል፤ የተረፈውን የሚመልሰው ቱቦ ግን እንደ ድሮው ወደ መጀመሪያው ይወስዳል። መጀመሪያው ደግሞ አፉ ድረስ ሙሉ ነው። ሞተሩ ከአንዱ እየቀዳ ሌላውን ያትረፈርፈዋል። ካርቡሬተር ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር፤ ያልወሰደውን አይመልስምና።

ነጋዴው ተቆጣ፤ ጋሪ የማይሸከመውን ገንዘብ መሬት ላይ አፈሰስክብኝ አለ። አንቱታው በዚያ ቀን ቀረ። በያጁ መልስ አልሰጠም፤ መኪናው ሥር ገብቶ ተኛ፤ ወዲያው መጥፎ ስድብ ተሳደበ፣ ራሱን ይሁን ቱቦውን አላወቅሁም። የሁለተኛውን መምጠጫ ነቅሎ ጣለው። ሞተሩ የሚጠጣውም የሚመልሰውም ከመጀመሪያው ሰልባትዮ ብቻ ሆነ፤ ሁለተኛው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ መዘውሩ ሲከፈት ቤንዚኑ በክብደቱ ወደ መጀመሪያው ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ የሾፌሩ ሥራ ጌጁ ግማሽ ሲል ከፍቶ፣ ሙሉ ሲል መዝጋት ነበር። ፋብሪካዎች ሁለት ሰልባትዮ ያለው ባለ ኢንጀክሽን መኪና ሲሠሩ ቀጂውንም መላሹንም አንድ ላይ የሚቀይር መዘውር ያደርጉለታል። ያ ዓይነቱ ዕቃ እኛ አገር አይገኝም ነበር፤ የመሬት ስበት ግን ይገኛል።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ ነበረው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሲሶ ገደማ ይሳሳል፣ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቤንዚንም እንደ ውሃው ቶሎ ይተንናል። ፖምፓው ቤንዚኑን ከሩቅ የሚስብ ከሆነ የሚስበው ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ይበልጥ ስለሚቀንስ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ደግሞ ለኢንጀክሽን መርዝ ነው። በያጁ ፖምፓውን ከሰልባትዮው ሥር፣ ከሥሩም ዝቅ አድርጎ አሰረው። «ፖምፓ መግፋት ይወዳል፣ መሳብ ያመዋል» ይል ነበር። ለሰልባትዮው መተንፈሻም ቀጭን ቱቦ አወጣለት፤ መተንፈሻ የሌለው ሰልባትዮ ከነፋስ መውጫ ተዘግቶ ወልድያ ሲወርድ የውጭው አየር ይጫነዋል፣ ክዳኑን ሲከፍቱት ያፏጫል፣ ላሜራው ስስ ከሆነም ይጨረመታል።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ አልቀረም። የኩግልፊሸሩ ፖምፓ አረጀ፤ የሚያስተካክለው መሣሪያም ሰውም በአካባቢው አልተገኘም፤ ከሌላ የተጋጨ 504 ካርቡሬተር ተነቅሎ ተገጠመለት። ብዙ ባለ ኢንጀክሽን 504ዎች የደረሰባቸው ዕጣ ነው። ተመላሹ ቱቦ በብሎን ተደፈነ። ከዚያ ማደያው መጣ፣ አስፋልቱ መጣ፣ አሰብ ቀርቶ ነዳጁ በጅቡቲ ዞረ፤ ቤንዚኑ ራሱ ኤታኖል ይቀላቀልበት ጀመር፣ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ፤ ኤታኖል ውሃ ይስባልና ለአሮጌ ላሜራ ሰልባትዮ ወዳጅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። አዲስ አበባ ላይ የማውቀው አንድ ወጣት መካኒክ ስልኩን ከመኪናው ጋር አገናኝቶ የነዳጁን ግፊት በቁጥር ያነብብልኛል፤ ሰልባትዮ ከፍቶ አያውቅም፣ መክፈትም አይፈልግም። አልፈርድበትም፤ ቅንድቡ ሙሉ ነው።

ፔጆው የተሸጠው ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። ገዥው የወረታ ሰው፣ ቆጣቢ፣ የሚገዛውን ዕቃ አገላብጦ የሚያይ። ሁለቱንም ሰልባትዮ አስሞልቶ ሂሳቡን ሲሠራ የመጀመሪያው ከፋብሪካው ያነሰ እንደሚይዝ ደረሰበት፤ ግድግዳዎቹና ጣሳው ቦታ ወስደዋል። ዋጋ ይቀነስልኝ አለ። ነጋዴው ደግሞ ሁለተኛው በነጻ ነው የተጨመረልህ አለ። ተከራከሩ፣ ሰው ገባበት፣ ጥቂት ብር ተቀነሰ። ገዥው እነዚያን ግድግዳዎች ወረታ ደርሶ እንደሚያስወልቃቸው ዝቶ ሄደ።

ክረምቱ እንደ ወጣ በያጁ ቤት ደጃፍ ፔጆው ቆሞ አየሁት። ግድግዳዎቹን አላስወለቃቸውም ነበር። ወደ አርብ ገበያ ሽንኩርት መጫን ጀምሮ ኖሮ፣ ከኋላው መቀመጫ ሥር ሦስተኛ ሰልባትዮ ይሠራልኝ ብሎ ነው የመጣው።